ያገለገለ ካምቢዮ እንደ ታሪክ ሰነድ፦ የአውቶማቲክ ካምቢዮ እድሳትና ማጠናከር በአሜሪካ ፒክአፖች

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ከቀረበ የትምህርት ክፍሉ ንግግር በጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ በታሪክ መድረኮች ላይ ዘወትር የሚነሣ አይደለም። የምናገረው 70 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ዘይት ስለ ጠገበ የአሉሚኒየም ዕቃ ነው። ዕቃው የአሮጌ ፒክአፕ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። ከመኪናው ሥር ይወርዳል፣ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ የደከመው ክፍል ይለወጣል፤ ብዙ ጊዜም ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው የበለጠ ጠንክሮ ወደ ቦታው ይመለሳል።

የቴክኖሎጂን ታሪክ ስንጽፍ አስቀድመን የምናነሣው «ማን ፈለሰፈው? በየትኛው ዓመት?» የሚለውን ጥያቄ ነው። መልሱን ከፓተንት መዝገብና ከኩባንያዎች ማኅደር እናገኛለን፤ ከዚያም ታሪኩ ያለቀ ይመስለናል። በእንግሊዝ አገር የሚያስተምረው የታሪክ ምሁር ዴቪድ ኤጀርተን በ2006 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ልማድ ተችቶ፣ ከፈጠራው ዕለት ይልቅ የአገልግሎቱንና የጥገናውን ዘመን ማጥናት እንደሚገባ ተከራክሯል። እኔም ያንኑ አቅጣጫ ተከትዬ አንድ ጠባብ ምሳሌ ይዤ ቀርቤአለሁ።

መከራከሪያዬ የሚከተለው ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮን በተመለከተ የፋብሪካው ንድፍ እንደ ረቂቅ ሊታይ ይገባዋል፤ ረቂቁን ለአሥርት ዓመታት ሲያርሙ የኖሩት ካምቢዮ ፈትተው የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። የእርማቱ ዋና ማስረጃ የሚገኘውም በራሱ ባገለገለው ካምቢዮ ውስጥ ነው። ይህን የእውቀት ዘርፍ በታሪክነቱ ካላወቅነው፣ በሩ የሚዘጋበት ቀን ሲመጣ እንኳ አናስተውልም።

የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

1. ፍሪሲዮኑ የት ገባ?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው ከቃላቱ ልነሣ። በጋራዦቻችን የምንሰማቸው ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ከእነዚህ ሁለቱ የሾፌሩን አካል ይጠራሉ፤ ፍሪሲዮን በግራ እግር ይረገጣል፣ ማርሽ በእጅ ይገባል። «አውቶማቲክ» የሚለው ቃል በሌላ ዘመንና በሌላ መንገድ ደረሰን፤ ለብዙ ሰውም ትርጉሙ «ፍሪሲዮን የሌለው መኪና» ማለት ሆነ።

ፍሪሲዮኑ ግን አልጠፋም፤ ከሾፌሩ እግር ሥር ተነሥቶ በካምቢዮው ውስጥ ተባዛ። ዛሬ በዝርዝር የማቀርበው የጄኔራል ሞተርስ ካምቢዮ በውስጡ 5 የፍሪሲዮን ጥቅሎች አሉት። በእያንዳንዱ ጥቅል ውስጥ ሸራ የተለበጡና ያልተለበጡ ቀጫጭን ክብ ብረቶች እየተፈራረቁ ተደርድረዋል። በአንድ ከበሮ ዙሪያ እየጠበቀ የሚይዝ የብረት ቀበቶም አለ። ፓምፑ የሚገፋው ዘይት አንዱን ጥቅል ሲጨምቅና ሌላውን ሲለቅ ማርሽ ይቀየራል።

ማርሾቹ ራሳቸው በእጅ ከሚቀየረው ካምቢዮ የተለዩ ናቸው። መካከል ላይ የፀሐይ ማርሽ የሚባለው አለ፤ በዙሪያው ፕላኔት የሚባሉ ትንንሽ ማርሾች ይዞራሉ፤ ሁሉንም ከውጭ የቀለበት ማርሽ ያቅፋቸዋል። ጥርሶቻቸው ሁልጊዜ እንደተጠላለፉ ናቸው። አንዱ ክፍል ሲያዝና ሌላው ሲነዳ የሚወጣው ፍጥነትና ጉልበት ይለወጣል። ስለዚህ ማርሽ መቀየር ማለት እዚህ «የትኛው ይያዝ፣ የትኛው ይለቀቅ» የሚል ውሳኔ ነው። ውሳኔው የሚሰጠው ቫልቭ ቦዲ በሚባለው፣ የተጠማዘዙ የዘይት ቦዮች በተቀረጹበትና ትንንሽ ቫልቮች በሚንሸራተቱበት የአሉሚኒየም ክፍል ውስጥ ነው። ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር ደግሞ ኃይልን በዘይት አማካይነት ያስተላልፋል፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው።

2. ከመርከብ ወደ ታንክ፣ ከታንክ ወደ ፒክአፕ

በ1904 በቦስተን ስተርተቫንት የተባሉ ወንድማማቾች፣ በመሽከርከር ብዛት ወደ ውጭ በሚወረወሩ ክብደቶች አማካይነት ማርሽ የሚቀይር ካምቢዮ አቀረቡ፤ የዘመኑ ብረት ግን ሥራውን ሊሸከም አልቻለም። በ1905 ጀርመናዊው መሐንዲስ ሄርማን ፌቲንገር ኃይልን በፈሳሽ የሚያስተላልፈውን መጋጠሚያ አስመዘገበ፤ ዓላማው የመርከብ ተርባይንን ከመርከቡ መዘውር ጋር ማገናኘት ነበር። በ1908 የወጣው የፎርድ ሞዴል ቲ ደግሞ ፕላኔታዊ ማርሽ ነበረው፤ ቀበቶዎቹን ግን ሾፌሩ በፔዳል እየረገጠ ያጠብቅ ነበር። የፈሳሹ፣ የፕላኔቱና ራስን በራስ የመቀየሩ ሐሳቦች ለየብቻቸው ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ኖሩ።

ሐሳቦቹን በብዛት ሊመረት በሚችል አንድ ዕቃ ያዋሐደው በጄኔራል ሞተርስ ኤርል ቶምፕሰን የመራው ቡድን ነው። ቶምፕሰን በ1928 በካዲላክ መኪና ላይ የገባውን፣ በእጅ የሚቀየረውን ማርሽ ያለ ጩኸት የሚያስገባ ስልት የፈጠረ ሰው ነበር። ሃይድራ-ማቲክ የተባለው ካምቢዮ በ1939 ይፋ ሆኖ በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል መኪኖች ላይ በ57 ዶላር ተጨማሪ ክፍያ ቀረበ። ወደ ፊት 4 ማርሾች ነበሩት።

ጦርነቱ ሲመጣ ይኸው ካምቢዮ ወደ ታንክ ገባ። ኤም 5 የተባለው ቀላል ታንክ ሁለት የካዲላክ ሞተሮችና ሁለት ሃይድራ-ማቲክ ካምቢዮዎች ነበሩት፤ ኤም 24 የተባለውም ተከተለው። ከጦርነቱ በኋላ ኩባንያው ካምቢዮው በጦር ሜዳ መፈተኑን በማስታወቂያ ደጋግሞ ተናገረ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፍላጎቱ ምን ያህል አድጎ እንደነበር የሚያሳየን አንድ አደጋ ነው። ኦገስት 12 ቀን 1953 በሚሺጋን ግዛት ሊቮንያ የነበረው የሃይድራ-ማቲክ ፋብሪካ በእሳት ወደመ። ኩባንያው ማምረቻውን በጦርነቱ ዘመን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ይሠራበት ወደነበረው ወደ ዊሎው ረን አዛወረ፤ እስከዚያው ድረስም አንዳንድ ካዲላኮችና ኦልድስሞቢሎች የቡይክን ካምቢዮ ተበድረው ለገበያ ወጡ። በዚያው ዘመን ሃይድራ-ማቲክ ከቤት መኪና አልፎ በጂኤምሲና በሸቭሮሌ ቀላል የጭነት መኪኖች ላይ መቅረብ ጀመረ።

3. አዲስ ሙያ፣ አዲስ ጥያቄ

አውቶማቲክ ካምቢዮ ለሾፌሩ የሸጠው ነገር «ማወቅ አያስፈልግህም» የሚል ቃል ነው። ይህ ቃል ለሾፌሩ እረፍት ነበር። ለተራው መካኒክ ግን በር መዘጋት ሆነበት፤ ፍሪሲዮንና ማርሽ አውርዶ የሚሠራ ሰው የቫልቮችንና የዘይት ቦዮችን ዓለም አያውቅም። ስለዚህ ካምቢዮ ብቻ የሚሠራ የተለየ ሙያ ተወለደ። የአውቶማቲክ ካምቢዮ አዳሾች ማኅበር በ1954 ተቋቋመ። በ1957 ደግሞ በፊላደልፊያ ከተማ አምኮ የተባለው፣ ኋላ በብዙ ከተሞች የተስፋፋው የካምቢዮ ጥገና ድርጅት ተመሠረተ።

በተመሳሳይ ጊዜ ሁለተኛ ጅረት መፍሰስ ጀመረ። በ1953 በሎስ አንጀለስ አካባቢ ቦብ ስፓርና ሞርት ሹማን ቢ ኤንድ ኤም የተባለውን ድርጅት አቋቁመው ሃይድራ-ማቲክን ለአጭር ርቀት ውድድር ያጠናክሩ ነበር። አዳሹ «ይህን ዕቃ ወደ ነበረበት እንዴት ልመልሰው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አጠናካሪው «ከነበረበት እንዴት ላሳልፈው?» ብሎ ጠየቀ። ሁለቱ ጥያቄዎች ከጊዜ በኋላ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ። በፋብሪካው ልክ ብቻ የታደሰ ካምቢዮ በዚያው ቦታ ደግሞ እንደሚሰበር ደጋግሞ ያየ አዳሽ ማጠናከርን የእድሳት ክፍል አድርጎ መቁጠር ጀመረ።

ለምን ይሰበራል? አንዱ ምክንያት የልስላሴ ዋጋ ነው። ፋብሪካው የሚሸጠው ማርሽ ሲቀየር የማይታወቅ መኪና ነው። ማርሽ እንዳይታወቅ ሲባል አንዱ ጥቅል ሙሉ በሙሉ እስኪይዝ ድረስ ለአፍታ እንዲንሸራተት ይደረጋል። መንሸራተት ሙቀት ነው፤ ሙቀት ደግሞ ሸራን ይጨርሳል፣ ዘይትን ያበላሻል። የቤት መኪና ይህን ለረጅም ዓመታት ይችላል። ተጎታች ይዞ ዳገት የሚወጣ ፒክአፕ ግን እያንዳንዱን ሽግግር በከባድ ጭነት ስለሚፈጽም የልስላሴውን ዕዳ ፈጥኖ ይከፍላል። የትራንስጎ መሥራች ጊል ያንገርና መሰሎቹ ለገበያ ያቀረቧቸው የማሻሻያ ጥቅሎች የተነሡት ከዚህ ነው። ጥቂት ምንጮችን፣ ቫልቮችንና የዘይት ቀዳዳዎችን መጠን በመለወጥ ግፊቱን ከፍ፣ የመንሸራተቻውን ጊዜ አጠር ያደርጋሉ። ሾፌሩ ማርሹ ሲገባ ጠንከር ያለ ስሜት ይሰማዋል፤ ሸራው ግን በዚያው ልክ ያርፋል።

ዘይቱም የራሱ ታሪክ አለው። እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የአሜሪካ ካምቢዮ ዘይት ሸራው እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርግ የዓሣ ነባሪ ዘይት ይገባበት ነበር። ዓሣ ነባሪው በሕግ ሲጠበቅ አምራቾቹ ምትክ መቀመም ነበረባቸው፤ ከመጀመሪያዎቹ ምትኮች አንዱም በራዲያተር ውስጥ ያለውን የዘይት ማቀዝቀዣ ብየዳ መብላቱ ታወቀና እንደገና ተሻሻለ። ለባሕር እንስሳ ጥበቃ የወጣ ሕግ ከባሕር እጅግ ርቆ የሚገኝ ካምቢዮ ጠጋኝን ሥራ እንደለወጠ ልብ በሉ።

4. የ1982ቱ ካምቢዮ

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌዬ እመጣለሁ። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1975 የኃይል ፖሊሲና ቁጠባ ሕግን አወጣ። በሕጉ መሠረት አምራቾች ለሚሸጧቸው መኪኖች አማካይ የነዳጅ ፍጆታ ልክ ተቀመጠላቸው፤ ልኩ ከ1978 ሞዴል ጀምሮ በቤት መኪኖች፣ ከ1979 ጀምሮም በቀላል የጭነት መኪኖች ላይ ዋለ። እስከዚያ ድረስ የጄኔራል ሞተርስ ዋና ዋና ካምቢዮዎች በ1964 የወጣው ቱርቦ 400 እና በ1969 የወጣው ቱርቦ 350 ነበሩ። ሁለቱም 3 ማርሽ ብቻ ስላላቸው በአውራ ጎዳና ላይ ሞተሩ በከንቱ ይሮጥ ነበር።

የሕጉ ልጅ በ1982 ሞዴል የወጣው 700-አር-4 ነው። አንደኛው ማርሽ 3.06 ስለሆነ ለመነሻ ከፍተኛ ጉልበት ይሰጣል፤ አራተኛው 0.70 ስለሆነ ሞተሩ ከካምቢዮው መውጫ ዘንግ ይልቅ በዝግታ ይዞራል። በጉዞ ላይ ቶርክ ኮንቨርተሩ በራሱ ፍሪሲዮን ተቆልፎ መንሸራተትን ያስቀራል። ካምቢዮው በ1990 ስሙ 4-ኤል-60 ተባለ፤ በ1993 በኮምፒዩተር መታዘዝ ጀምሮ 4-ኤል-60-ኢ ሆነ። ቤተሰቡ ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ተመርቷል፤ እጅግ ብዙ የሸቭሮሌና የጂኤምሲ ፒክአፖችም ተሸክመውታል።

ይህ ካምቢዮ ለታሪክ ተማሪ የሚመቸው፣ ስምና ቁጥጥሩ እየተለወጠ ሲሄድ የውስጥ አሠራሩ መሠረት ሳይለወጥ መቆየቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩት የመግቢያ ዘንጎች 27 ጥርስ ነበራቸው፤ በኋላ ወደ 30 ከፍ አሉ። የፓምፑ ክንፎች 7 ነበሩ፤ ኋላ 10 ሆኑ፤ ለጠንካራ ሥራ ዛሬ 13 ክንፍ ያለው ይገባል። በ2001 የመጣው 4-ኤል-65-ኢ በአራት ፈንታ 5 ፕላኔቶች የያዙ ማርሾችን አመጣ። ፋብሪካው በየጊዜው ያደረጋቸው እነዚህ ለውጦች የራሱን ድክመት የማመን ያህል ናቸው፤ አዳሹም የኋለኛውን ዘመን ክፍል ወደ ፊተኛው ዘመን ካምቢዮ እየወሰደ ይገጥማል። ስለሆነም በደንብ ታድሶ የተጠናከረ ካምቢዮ አንድ የልደት ዓመት የለውም። አቃፊው የአንድ ዓመት፣ ፓምፑ የሌላ፣ ማርሹ የሦስተኛ ሊሆን ይችላል። በብራና ጥናት ውስጥ ከተለያዩ እጆች የተጻፉ ቅጠሎች በአንድ ጥራዝ ታስረው ሲገኙ የምናነሣቸው ጥያቄዎች እዚህም ይነሣሉ። የትኛው ክፍል ቀዳሚ ነው? ማን ጨመረው? ለምን?

5. ማንበብና ማረም

አዳሹ ካምቢዮውን የሚያነበው ሳይፈታው ጀምሮ ነው። 2ኛ፣ 4ኛና የኋላ ማርሽ በአንድ ጊዜ ጠፍተው 1ኛና 3ኛ ከቀሩ፣ የፀሐይ ማርሹን ከከበሮው ጋር የሚያገናኘው የብረት ቅርፊት ተሰብሯል ብሎ ይገምታል፤ ምክንያቱም የጠፉት ሦስቱ ማርሾች ሁሉ በዚያ ቅርፊት ላይ የተመሠረቱ ናቸው። መኪናው በ2ኛ ደህና ሄዶ ከዚያ በኋላ ሞተሩ በባዶ ከጮኸ፣ የ3ኛና የ4ኛ ማርሽ ሸራ ጥቅል ተቃጥሏል ይላል። ቀጥሎ ከሥር ያለውን የዘይት ገበታ ያወርዳል። ጥቂት ግራጫ ጭቃ የዕድሜ ምልክት ነው። ጥቁር ፍርፋሪ ከሸራ፣ ቢጫ ብልጭታ ከነሐስ፣ የሚያብረቀርቅ ስለታማ ቅንጣት ከብረት ክፍሎች ይመጣል። የተቃጠለ ሽታ ደግሞ የሙቀትን ታሪክ ይናገራል።

ጥሩ አዳሽ የተቃጠለውን ጥቅል በአዲስ ለውጦ አይዘጋም፤ ያቃጠለውን ነገር ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ላይ የዘይቱን ግፊት ከነዳጅ መስጫው ጋር የሚያያይዝ ሽቦ ነበር። ሽቦው በተሳሳተ ልክ ከታሰረ ሾፌሩ ብዙ ጉልበት ሲጠይቅ ግፊቱ አያድግም፤ አዲስ ሸራም በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በካምቢዮው ላይ የተፈረደው ፍርድ ለሽቦው የሚገባ ነበር። ይህ ለእኛም ትምህርት ነው፤ ምልክትን ከምክንያት መለየት የታሪክ ጸሐፊም ግዴታ ነው።

ከዚያ ማጠናከሩ ይመጣል። ቀበቶውን የሚያጠብቀው ሰርቮ በኮርቬት የስፖርት መኪና ላይ ሰፋ ያለ ፒስተን ነበረው፤ ይህ ፒስተን በፒክአፑም ካምቢዮ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ የሚገፋው ስፋት ስለሚጨምር ቀበቶው 2ኛ ማርሽን አጥብቆ ይይዛል። የሚሰበረው ቅርፊት በጠንካራ ብረት በተሠራ ይተካል። በ3ኛና 4ኛ ጥቅል ውስጥ የሸራዎቹ ቁጥር ይጨመራል። እዚህ ግን ነፃ ምሳ የሚመስል ነገር ዕዳ አለው፦ የከበሮው ቦታ የተወሰነ በመሆኑ ሸራ ሲበዛ በመካከላቸው ያሉት ብረቶች ይሳሳሉ፤ የሳሳ ብረት ደግሞ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ያንሳል። በሌላ በኩል ግፊቱ ያለ ልክ ከፍ ካለ የተረፈው ጉልበት ወደ ዘንጎችና ወደ ቅርፊቱ ይዛወራል። ማጠናከር ድካምን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ማሸጋገር እንዳይሆን ሚዛን ይጠይቃል።

የመግጠሙ ሥራ ትዕግሥት ነው። አዲሶቹ ሸራዎች ከመግባታቸው በፊት በዘይት ይነከራሉ። ትንንሾቹ የብረት ኳሶችና ቀጫጭን ቀለበቶች እንዳይወድቁ በቫዝሊን ይያዛሉ። በእያንዳንዱ ጥቅል ውስጥ የሚቀረው ክፍተት በመለኪያ ይለካል። ከመዝጋቱ በፊት አዳሹ በየዘይት ቀዳዳው የታመቀ አየር ነፍቶ ያዳምጣል። ደፈን ያለ አንድ ድምፅ ከተሰማ ፒስተኑ ጥቅሉን ይዟል ማለት ነው፤ የማያቋርጥ ፉጨት ከሆነ ግን ማገጃ ላስቲኩ ያፈስሳል። በመጨረሻም የዘይት ማቀዝቀዣው መስመር ይታጠባል፤ የአሮጌው ካምቢዮ ፍርፋሪ እዚያ ተደብቆ አዲሱን ሥራ ሊያበላሽ ይችላልና። ተጎታች ለሚጎትት ፒክአፕ ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ይጨመርለታል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የምንጭ ትችት ማንሣት ይገባኛል። የጥገና ጠረጴዛ የሚያየው የታመመውን ብቻ ነው። ብዙ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ያለ ችግር የሄደ ካምቢዮ ወደ አዳሹ አይመጣም፤ ስለዚህ በአዳሾች ምስክርነት ብቻ የተጻፈ ታሪክ ፋብሪካውን ከሚገባው በላይ ይከስሳል። በአንጻሩ የፋብሪካ ማኅደር የተሸጠውን ይቆጥራል እንጂ ከዋስትናው ዘመን በኋላ የሆነውን በቅጡ አያይም። እኔ የምመክረው ሁለቱን ማስተያየት ነው፤ ሦስተኛ ምስክር አድርጎም የተፈታውን ዕቃ ራሱን መጥራት።

6. እውቀቱ ሲቆለፍ

በ1993 ኮምፒዩተር ግፊቱንና የማርሽ መቀየሪያውን ጊዜ ሲረከብ፣ ያ የሚሳሳት ሽቦ ቀረ። ይህ እውነተኛ መሻሻል ነበር። ነገር ግን አዲስ ዓይነት ድካም መጣ። ከ1995 ጀምሮ የኮንቨርተሩ ፍሪሲዮን ቀስ ብሎ እንዲይዝ ሲባል ኮምፒዩተሩ ዘይቱን በፍጥነት እየከፈተና እየዘጋ መቆጣጠር ጀመረ። ያለማቋረጥ የሚንቀጠቀጠው ቫልቭ የተቀመጠበትን የአሉሚኒየም ቀዳዳ ያሰፋዋል፤ ዘይት በዚያ ያመልጣል፣ ኮንቨርተሩም ይንሸራተታል። ልስላሴ ዋጋውን በሌላ በር ጠየቀ። አዳሾች የሰፋውን ቀዳዳ ለክተው የሚያስፋፉበትና አዲስ እጅጌ ወይም ወፈር ያለ ቫልቭ የሚያስገቡበት መሣሪያ ተሠራላቸው፤ የሚያመልጠውንም በአየር መሳቢያ መፈተን ለመዱ። ቀድሞ ቫልቭ ቦዲው በሙሉ ይጣል ነበር፤ አሁን አንዲት ቀዳዳ ትታረማለች።

ከዚያ በኋላ የመጡት ካምቢዮዎች አንድ እርምጃ ራቁ። በ2006 በወጣው ባለ 6 ማርሹ 6-ኤል-80 ላይ ኮምፒዩተሩ ራሱ በካምቢዮው ውስጥ፣ በዘይቱ መካከል ተቀመጠ። ክፍሉ ሲለወጥ ለዚያ መኪና የሚስማማ ፕሮግራም መጫን አለበት። ብረቱን የሚያውቅ እጅ ፕሮግራሙን የማግኘት መብት ከሌለው ሥራው ከደጅ ይቀራል። ጥያቄው ከጋራዥ ወደ ሕግ አውጪ የሄደውም ለዚህ ነው። የማሳቹሴትስ ግዛት በ2012 ያወጣው ሕግ አምራቾች ለራሳቸው ወኪሎች የሚሰጡትን የጥገና መረጃ ለነፃ ጋራዦችም እንዲሸጡ አስገደደ፤ በ2020 ደግሞ የግዛቱ መራጮች ሕጉ መኪኖች በገመድ አልባ መንገድ የሚልኩትን መረጃ እንዲያካትት ድምፅ ሰጡ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ «ማወቅ አያስፈልግህም» የሚለው ቃል ለሾፌሩ የተነገረ ምቾት ነበር። ዛሬ ለጠጋኙ ሲነገር ግን ትርጉሙ «ማወቅ አይፈቀድልህም» ወደሚል ተለውጧል። የንግግሬ ፍሬ ነገር በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ርቀት ነው።

መደምደሚያ

የአሜሪካ ፒክአፕ ታሪክ ለእኛ ምን ይሠራል የሚል ቢኖር መልሴ አጭር ነው። የጭነት መኪኖቻችን በአብዛኛው እስከ ዛሬ በእጅ ማርሽ ይነዳሉ፤ በከተሞቻችን ግን አውቶማቲክ የቤት መኪና እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል ተሽከርካሪዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏ ይታወቃል። የኤሌክትሪክ መኪና የዚህ ዓይነት ካምቢዮ የለውም። እስከዚያ ድረስ የገቡት መኪኖች ግን ነገ ጠዋት አይጠፉም፤ ዕድሜያቸው የሚለካው ጠጋኞቻችን ባላቸው እውቀት ነው። ያ እውቀት በአብዛኛው አልተጻፈም፤ ከጌታው ወደ ለማጁ በእጅ እየተላለፈ ይኖራል፤ ባለቤቱ ሲያርፍም አብሮት ያርፋል።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ማኅደር ፍለጋ ስትወጡ ወደ ጋራዥም ጎራ በሉ። አንድ ካምቢዮ ሲፈታ ቆማችሁ ተመልከቱ፤ የትኛው ክፍል እንደተለወጠ፣ ከየት መኪና እንደመጣ፣ ለምን እንደተመረጠ ጠይቁ፤ የሚነገራችሁን በባለሙያው ቃል መዝግቡ። ፈልሳፊውን የሚያስታውስ መዝገብ አለ። ፈትቶ፣ አርሞና አጠንክሮ የመለሰውን የሚያስታውስ መዝገብ ግን ካልጻፋችሁት አይኖርም።